ከጅሩ ሜዳ እስከ ሻንዶንግ፦ የአህያ ቆዳ የሚያስከፍለን

የጅሩ ገበሬ አህያ ሲገዛ ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፣ ገጣባ እንዳላት ለማወቅ ጀርባዋን በእጁ ይዳስሳል። ቆዳዋ ስንት ያወጣል ብሎ ግን አይጠይቅም። ለእሱ አህያ ማለት በሕይወት እያለች የምትሠራው ሥራ ነው፤ ስትሞት የጅብ ናት። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ግን ከዚህ ስሌት ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሌላ ገዢ ወደ አፍሪካ ገበያዎች መጥቷል። ይህ ገዢ አህያዋን የሚፈልጋት እንድትሞትለት ነው። ቆዳዋ ተቀቅሎ ኤጂያኦ የሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይሠራበታል።

የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመታት እንዲታገድ ወሰኑ። ውሳኔው የተላለፈው በዓለም ከፍተኛውን የአህያ ቁጥር በያዘችው አገር ዋና ከተማ ነው። ኢትዮጵያ 10 ሚሊዮን ገደማ አህዮች እንዳሏት ይገመታል፤ በዓለም ላይ ካሉት አምስት አህዮች አንዷ ልትሆን ጥቂት የቀራት የእኛ ናት ማለት ነው። ስለዚህ የእገዳው ዕጣ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በእኛ ገበያና በእኛ ድንበር ላይ ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከአንድ ቦታ፣ ከእነዋሪ፣ ሆኜ ላየው እሞክራለሁ።

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢዋ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ደግሞ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና እግር ይይዛል። የጅሩ ሰው ከዚህ አፈር ጋር ሲታገል የኖረ ነው። ውኃው ሰብሉን እንዳያሰጥምበት ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ አፈሩን በእጃቸው እያነሡ ሰፋፊ መደብና ቦይ ያወጡ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ስለ መረሬ አፈር ሲያጠኑ እነዋሪን አንዷ የሙከራ ቦታ ያደረጓት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከነባሩ ማረሻ ተሻሽሎ የተሠራው የመደብ ማውጫ መሣሪያም ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ናት።

የዚህ አፈር ምርት ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጓያ ነው። ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ የሚወስደው ማን ነው? መኪና የሚደርስበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መረሬው የደረሰበትንም ይዞ ያስቀራል። አህያ ግን ጭቃውን እየዞረች፣ ገደሉን እየወረደች ትሄዳለች። አንድ ዳውላ እህል ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል፤ መለኪያው ራሱ የአህያን ጀርባ የለመደ ነው። ከእህሉ ሌላ ጭዱ አለ፣ ኩበቱ አለ፣ ማዳበሪያው አለ፣ የቤት መሥሪያው እንጨትና ቆርቆሮ አለ፣ በየቀኑ ደግሞ የውኃው ጀሪካን አለ።

ይህን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ በአንዱ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ እሱም ውኃው ነው። አህያ የሌላት ሴት ውኃ የምትቀዳው በጀርባዋ ነው። እንስራም ይሁን ጀሪካን በአንድ ጉዞ የምትችለው አንድ ነው። አህያ ያላት ጎረቤቷ በአንድ ጉዞ የሦስት ጉዞውን ጭና ትመለሳለች። ልዩነቱ የሁለት ጉዞ ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ አረም የሚታረምበት ነው። አህያ ከቤቱ ስትጠፋ ጭነቱ አይጠፋም፤ ወደ ሚስትየዋና ወደ ልጃገረዷ ጀርባ ይዛወራል። የቆዳ ነጋዴ በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ይህ የማን ሒሳብ ላይ ተጽፎ ያውቃል? ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ውስጥ አህያዋ አንዳንዴ ብቸኛዋ የገቢ ምንጭ ናት፤ በሰው እህል ጭነት የኪራይ ገንዘብ ታመጣለችና።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንሂድ። ስለ ኤጂያኦ ሲነገር በእኛ ዘንድ የሚቀናው በመጸየፍ ማለፍ ነው። እኔ ግን በቅጡ ልንረዳው ይገባል እላለሁ፤ የሚጠቀሙበትን ሰዎች ሳንረዳ ስለ ገበያው አንዳች ነገር መተንበይ አንችልም። ኤጂያኦ የሚሠራው የአህያ ቆዳ ፀጉሩ ተነሥቶ፣ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ፣ ውኃው ተንኖ ሙጫው ከቀረ በኋላ፣ ያ ሙጫ ደርቆ ጥቁር ቡናማ ጡብ መሰል ቁራጭ ሲሆን ነው። ስሙን ያገኘው በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ዶንግ ኧ ከምትባል ወረዳ ሲሆን ዛሬም ትልቁ አምራች ኩባንያ በዚያው ስም ይጠራል። ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የቻይና የመድኃኒት ትውፊት ውስጥ ቦታው ከፍ ያለ ነው።

የቻይና ሐኪሞች ኤጂያኦን የሚያዙት በዋናነት «ደም ለመመገብ» ነው። በእነሱ አስተሳሰብ የደም መጓደል ያለበት ሰው ፊቱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ይፈዝዛል፣ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ለወለደች ሴት፣ የወር አበባዋ ለበዛባት፣ ደረቅ ሳል ለያዘው፣ ደም ለሚፈሰው ይሰጣል። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው ሐኪም ካጠናቀራቸው ቅመማዎች መካከል እርጉዝ ሴት ደም ሲፈሳት የሚሰጥ የኤጂያኦና የጭቁኝ ዘመድ የሆነ ተክል ድብልቅ አለ፤ እንቅልፍ ላጣም ሌላ ቅመም አለው። ሙጫው በሙቅ የሩዝ ወይን ይሟሟል፤ አለዚያም ከተምርና ከለውዝ መሰል ፍሬዎች ጋር ጣፋጭ ሆኖ ይበላል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። እኛም አራስን በገንፎና በቅቤ እንጠግናለን፤ ትክትክ ለያዘው ልጅ የአህያ ወተት የሚያጠጡ እናቶች በአገራችን አሉ። የተዳከመን ሰው ከእንስሳ በተገኘ ነገር ማበርታት የእኛም የእነሱም እምነት ነው። ልዩነቱ ለትክትክ አህያዋ ትታለባለች እንጂ አትታረድም።

በሳይንሱ በኩል ሲታይ ኤጂያኦ በአብዛኛው ኮላጅን ነው፤ ከበሬ ወይም ከሌላ እንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ጄላቲን የሚሠራበት ያው ፕሮቲን ማለት ነው። ቻይና ውስጥ ደም ማነስ ባለባቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጠቃሚ ነው የሚል ውጤት አሳይተዋል፤ ሆኖም አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 የቻይና የጤና ባለሥልጣን የሕዝብ መረጃ መስመር በማኅበራዊ ገጹ ላይ ኤጂያኦ የተቀቀለ የአህያ ቆዳ ከመሆን እንደማያልፍ፣ ሰውነት የሚያስፈልገው ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ እንደሌለውና ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ እንዳልሆነ ጻፈ። ቁጣ ተነሣ፤ መሥሪያ ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ክስተት ብዙ ያስተምራል፤ ክርክሩ በቻይናና በአፍሪካ መካከል ብቻ ሳይሆን በቻይና ውስጥም አለ። እኛ ዘንድ እርጉዝ ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለደም ማነስ የሚሰጣት የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ነው፤ ለዚህ አህያ አይታረድም።

ታዲያ ለዘመናት በመጠኑ የኖረ መድኃኒት ድንገት አህጉር የሚያንቀጠቅጥ ንግድ እንዴት ሆነ? ቀድሞ ኤጂያኦ የባለጸጋ ቤት መድኃኒት ነበር። የቻይና መካከለኛ መደብ ሲሰፋ ያ የባለጸጋ መድኃኒት በብዙዎች እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የቤተ መንግሥት ሴቶችን ሕይወት የሚያሳይ የቴሌቪዥን ድራማም ዝናውን አባዛው፤ ማስታወቂያውም ከሕመም ማከሚያነት ወደ ቆዳ ማሳመሪያና ዕድሜ ማራዘሚያነት ገፋው። በዚያው ጊዜ ደግሞ በቻይና አህያ እየጠፋች ነበር። ትራክተር ሲመጣ ገበሬው ማርባቱን ተወ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 11 ሚሊዮን የነበሩት የቻይና አህዮች ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በታች ናቸው። ፍላጎት ወደ ላይ፣ አህያ ወደ ታች ሲሄዱ ገዢው ዐይኑን ወደ ውጭ ጣለ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ወደ አገር በሚገባ የአህያ ቆዳ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ከ5 በመቶ ወደ 2 በመቶ ዝቅ አደረገች። ዶንኪ ሳንክቹሪ የተባለው የአህያ ተቆርቋሪ ድርጅት በየዓመቱ 5.9 ሚሊዮን ገደማ አህዮች ለዚህ ሲባል እንደሚታረዱ ይገምታል።

ይህ ማዕበል እኛ ዘንድ የደረሰው በቢሾፍቱ በኩል ነው። በቀን 200 አህያ ማረድ የሚችል በቻይና ባለሀብቶች የተሠራ ቄራ በ2009 ዓ.ም. እዚያ ተከፈተ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የከተማው አስተዳደርም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዘጋው። አሰላ ላይም ሌላ የአህያ ቄራ ተተክሎ ተመሳሳይ ውዝግብ አስነሥቷል። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መቀመጫ ናት፤ የዶንኪ ሳንክቹሪ የአህያ ክሊኒክም ከኮሌጁ ጋር ሲሠራ የቆየው እዚያው ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ አህያ የምትታከምበትና አህያ በመቶ የምትታረድበት ቦታ ጎን ለጎን ተከፍተው ነበር ማለት ነው።

የቢሾፍቱን ቁጣ ማጣጣል አልፈልግም፤ እንዲያውም ባለውለታችን ነው። ግን ከምን የመጣ ቁጣ ነበር? በአመዛኙ ከመጸየፍ። በኦሪት ሕግ አህያ ርኩስ ናት፤ በእስልምናም የቤት አህያ ሥጋ ክልክል ነው። ሰዉን ያስቆጣው የአህያ ደም በከተማው መፍሰሱ፣ ሥጋው ከሌላ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይሸጥም ያደረበት ፍርሃት ነበር። ትክክለኛ ስሜት ነው፤ ነገር ግን መጸየፍ የሚያየው ዐይን ፊት የሚታረደውን ብቻ ነው። ቄራው ከዐይናችን ሲርቅ ቁጣውም ይርቃል። የሆነውም ይኸው ነው። የቢሾፍቱው ቄራ ሲዘጋ ጎረቤት ኬንያ የአህያ ቄራዎችን እየከፈተች ነበርና የኢትዮጵያ አህዮች በሞያሌ በኩል ድንበር እየተሻገሩ ወደዚያ መነዳት ያዙ። በየገበያው አህያ የሚሰበስብ ሰው ሲመጣ ማንም አልጮኸም፤ አህያ ገዢ መስሎ መጥቷልና።

የኬንያ ታሪክ ለእኛ የወደፊት መስተዋት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልቆይበት። ከ2016 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ብቻ ከ300 ሺህ በላይ አህዮች በእነዚያ ቄራዎች ታረዱ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን የነበረው የአገሪቱ የአህያ ቁጥር ከአሥር ዓመት በኋላ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሌቦች በሌሊት አህያ እየሰረቁ ሜዳ ላይ አርደው ቆዳዋን ገፍፈው ሥጋዋን ጥለው መሄድ ጀመሩ። ጠዋት በረቱን ባዶ ያገኘው ባለ አህያ ጎዳና ወጣ፤ መንግሥትም በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) እርዱን አገደ። በተከታዩ ዓመት ግን ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከዚያ ቀድመው አግደው ነበር፤ ታንዛኒያም በኋላ ተከተለች። አንዱ አገር በሩን ሲዘጋ ንግዱ ወደ ጎረቤቱ እየሄደ ስላስቸገረ ነው ጉዳዩ እስከ አፍሪካ ኅብረት የደረሰው።

«ያለን አህያ 10 ሚሊዮን ነው፤ ጥቂት ብንሸጥ ምን ይጎዳናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ቀና ነው፤ መልሱ ያለው በአህያዋ ማሕፀን ነው። አህያ ለማርገዝ ሁለትና ሦስት ዓመት ዕድሜ ትፈልጋለች፤ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ትወልዳለች። ውርንጭላው ጭነት ለመሸከም ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። በቀን 200 የሚያርድ አንድ ቄራ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 60 ሺህ አህያ ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ ቄራዎች ሲበዙ አህያ እንደ በግ ተረብታ አትተካቸውም። ቻይና ገንዘብም ዕውቀትም እያላት የራሷን የአህያ ርቢ ከፍላጎቷ ጋር ማመጣጠን ያልቻለችው ለዚህ ነው።

ከዚህም ቀድሞ የሚመታው ዋጋው ነው። የአህያ ዋጋ በቆዳ ገበያ ከተወሰነ የእነዋሪ ድሃ ገበሬ የሞተችበትን አህያ መተካት ያቅተዋል። መኪና ይተካት ቢባል ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ መንገዱ አለ። ባጃጅ አስፋልት ላይ ይረዳ ይሆናል፤ ሐምሌ ላይ መረሬ ውስጥ ግን አይገባም።

በሌላ ወገን ያለውን እውነት መካድ ግን አልሻም። አህያው ያረጀበት ገበሬ ምን ያድርግ? በሬ ሲያረጅ ደልቦ ይሸጣል፤ ላም ብትመክን ትታረዳለች። አህያ ስታረጅ ለባለቤቷ የምታስገኝለት ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ተለቅቃ የጅብ ራት ትሆናለች። ቆዳ ገዢ ሲመጣ ለእንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡ ቁምነገር ነው። ይህን ሰው በሕግ ብቻ መከልከል ፍትሐዊ አይመስለኝም። ነገር ግን ገበያው አሮጌውን ከወጣቱ አይለይም፤ ቆዳው ቆዳ ነውና ጤነኛና ወጣት አህያ፣ ያረገዘችም ጭምር፣ አብራ ትነዳለች። በዚያ ላይ ድንበር ተሻግረው የሚነዱ እንስሳት በሽታ ይዘው ይዞራሉ።

እገዳው ሁለተኛ ዓመቱን አልፏል፤ የሚያበቃው በ2031 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ ኅብረት ውሳኔ በራሱ ወንጀለኛ አይቀጣም፤ የጭነት መኪና አያስቆምም። የሚያስቆመው የአገር ሕግ፣ የኬላ ሠራተኛና የገበያ ተቆጣጣሪ ነው። ለበሬና ለበግ ገበያ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫና የዝውውር ፈቃድ ልማድ አለን፤ ለአህያ ይህ ልማድ የላላ ነው። በእኔ እምነት እገዳው ትርጉም የሚኖረው ከወረዳ ሲጀምር ነው። አንድ ነጋዴ በአንድ ገበያ ቀን 30 አህያ ከሰበሰበ ለምን እንደሰበሰበ የሚጠይቀው ሰው መኖር አለበት፤ 30 አህያ ለእህል ጭነት በአንድ ቀን የሚገዛ ገበሬ የለምና። ይህን ለማወቅ አዋቂ አያስፈልግም፤ የገበያው ደላላ፣ ቀረጥ ሰብሳቢውና የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያውቁታል።

ወደ መድኃኒቱ ታሪክ አንዴ መመለስ አለብኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የገረመኝ ነገር እዚያ ነው ያለው። ኤጂያኦ መጀመሪያ የአህያ ቆዳ አልነበረም። ጥንታዊዎቹ የቻይና የመድኃኒት መጻሕፍት ሙጫው ከበሬ ቆዳ እንደሚቀቀል ይናገራሉ። የአህያ ቆዳ እየተመረጠ የመጣው ከታንግ ዘመን ወዲህ ሲሆን ዕውቁ ሊ ሺዠን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው ትልቅ የመድኃኒት መጽሐፉ የጥንቶቹ በብዛት የበሬ ቆዳ ይጠቀሙ እንደነበርና የአህያው በኋላ እንደከበረ ጽፏል። የበሬው ሙጫ ዛሬም በሌላ ስም በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ አለ። እንግዲህ ትውፊት ተብሎ የሚቀርበው ራሱ አንድ ጊዜ ተለውጧል። ከበሬ ወደ አህያ መሻገር ከተቻለ ከአህያ መመለስም ይቻላል፤ ይህን ስንል የቻይናን ሕክምና መናቅ አይሆንብንም፣ በራሱ መጻሕፍት መነጋገር ነው። ኮላጅንን ያለ እንስሳ ቆዳ በቤተ ሙከራ የማምረት ሥራም በዓለም ላይ እየተስፋፋ ነው።

ጅሩ ደግሞ ከአህያዋ ይልቅ በሰንጋዋ የታወቀች ናት። የጅሩ ሰንጋ በአዲስ አበባ በዓል ገበያ ስሙ ይጠራል፤ ገበሬው ጓያውንና ጭዱን አብልቶ፣ በየቀኑ እያሸ፣ ሲያደልብ ከርሞ ያወጣዋል። የዚያ ሰንጋ ቆዳ ግን ዛሬ ምን ዋጋ አለው? የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ በበዓል ማግስት በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ቆዳ ተጥሎ ሲበሰብስ ካየን ዓመታት ተቆጠሩ። አንዱን እንስሳ ለቆዳው ሲባል ብቻ እያረዱ ሌላው ለሥጋው ታርዶ ቆዳው እንዲጣል ማድረግ በየትኛውም ሒሳብ አይደገፍም። ጥሬ ቆዳ ገዢ ያጣች አገር ለጄላቲን ገዢ የምታጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ ከቻይና ጋር ስለ ንግድ ስንነጋገር መቅረብ ያለበት ጉዳይ ይህ ነበር።

አንድ ነገር በራሳችን ላይ ሳልናገር አላቆምም። አህያን ከውጭ ገዢ የተከላከለ ሰው ዳውላ ተኩል ጭኖባት፣ ከገጣባዋ ላይ ገመድ እያጠበቀ፣ በሽመል ሲነዳት ይታያል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብን፣ ቁጣችን ለባዕድ ብቻ መሆን የለበትም። በወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በሬና ላም ቅድሚያ ያገኛሉ፤ አህያ ብዙ ጊዜ አትቀርብም፤ ባለቤቷም ይዟት አይመጣም። ጀርባዋን የሚጠብቅ ወፍራም መደላድል፣ ትላትል የሚያስወጣ መድኃኒት፣ የሰኮና ማስተካከያ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው፤ የአህያን የሥራ ዘመን ግን በብዙ ዓመት ያረዝማሉ። ዕድሜዋ የረዘመ አህያ ያለው ገበሬ ለቆዳ ነጋዴ ቶሎ አይሸጥም። ስለዚህ የሞረትና ጅሩ የግብርና ጽሕፈት ቤት ከእገዳው ወገን ሆኖ ሊሠራው የሚችለው ፈጣኑ ሥራ በሚቀጥለው የክትባትና የሕክምና ዘመቻ ላይ አህያን ከከብቱ እኩል መጥራት ነው።